የፔንታ 3 ሽፋን ከ100 በላይ ሲወጣ፦ የጤና መረጃ ጥያቄና መልስ

በወረዳ የጤና መረጃ ባለሙያነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ስለ ኤችኤምአይኤስ (የጤና ተቋማት ሪፖርት የሚያደርጉበት የጤና መረጃ ሥርዓት) የላካችሁልኝን ጥያቄዎች እነሆ።

ጥያቄ፦ የፔንታ 3 (ከአምስት በሽታዎች የሚከላከለው የሕፃናት ክትባት ሦስተኛ ዙር) ሽፋናችን 112 በመቶ ሆኖ ሪፖርቱ ተመለሰብን። ምን አጠፋን?

ምናልባት ምንም። ሽፋን የሚሰላው የከተባችሁትን ተወልደው እስከ አንድ ዓመት በሕይወት ይቆያሉ ተብሎ ለተገመቱት ሕፃናት በማካፈል ነው። ግምቱ ደግሞ የ1999ኙን የሕዝብ ቆጠራ ተመርኩዞ የተሠራ ነው። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ አልተካሄደም። አዲስ ሰፈር የበቀለበት ቀበሌም፣ ሰው የፈለሰበትም ወረቀት ላይ በድሮው ስሌት ይሄዳሉ።

ግን ሁሉንም በቆጠራው አታላክኩ። መጀመሪያ ታሊውን (የተከተቡት እየተጫሩ የሚቆጠሩበትን ቅጽ) ከመዝገቡ ጋር አመሳክሩ። ከጎረቤት ቀበሌ መጥተው የተከተቡትን ለዩ። ቀጥሎ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የቤተሰብ ማህደር ላይ ስንት ሕፃን እንዳለ እዩ። ያገኛችሁትን ከሪፖርቱ ጋር አያይዛችሁ ላኩ። ቁጥሩን 98 አድርጎ መላክ ግን በፍጹም አይሆንም! ያልተከተበ ልጅ የሚደበቀው እንዲህ ባለ "ማስተካከያ" ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ ዲኖሚኔተሩ (አካፋዩ፣ ማለትም የተገመተው የሕፃናት ቁጥር) ካልታመነ ምን ይዘን እንወስን?

ፔንታ 1ን ከፔንታ 3 ጋር አነጻጽሩ። የመጀመሪያው በ6ኛው፣ ሦስተኛው በ14ኛው ሳምንት ይሰጣል። ለዚህ ቆጠራ አያስፈልግም። በዓመት 50 ሕፃናት ጀምረው 38 ከጨረሱ 12 አቋርጠዋል፤ 24 በመቶ ማለት ነው። ከ10 በመቶ ካለፈ ዝም አይባልም። የአንድ ወር ብቻ አትውሰዱ፣ ያሳስታል።

ይህን ቁጥር የምወደው ወደ ስም ስለሚመልስ ነው። መዝገቡን ስትገልጡ ያቋረጠው ልጅ እናት ስም አለ። አንድ ጊዜ የአንድ ቀበሌ ማቋረጥ አልወርድ ብሎን እናቶቹን ቤታቸው ድረስ ሄደን ጠየቅን። የክትባቱ ቀን ለካ የገበያ ቀን ነበር። ቀኑን ቀየርነው፣ እናቶቹ መጡ።

ጥያቄ፦ የሪፖርት ወር ለምን ከ21 እስከ 20 ሆነ?

ወሩ ሳያልቅ ተጠናቅሮ ወደ ላይ እንዲደርስ። ጳጉሜን ከነሐሴ 21 እስከ መስከረም 20 ባለው ውስጥ ትገባለች።

ጥያቄ፦ የ2008ቱ የሕዝብና ጤና ጥናት ፔንታ 3ን 53 በመቶ ብሏል። የኛ ሪፖርት ከዚያ በጣም ይበልጥ ነበር። የቱን እንመን?

ለአገር አቀፍ ውሳኔ ጥናቱን። እሱ ቤት ለቤት ሄዶ ከ12 እስከ 23 ወር ያሉ ልጆችን ያያል፤ እኛ የምናየው የመጡልንን ነው። የትኛው ቀበሌ ክትባት እንደቀረበት ግን ጥናቱ አይነግራችሁም። ለዚያ የራሳችሁ መዝገብ ነው ያለው።

ጥያቄ፦ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነኝ። ወር በወር ሪፖርት እልካለሁ፤ አንድም ቀን መልስ አግኝቼ አላውቅም። ለማን ነው የምጽፈው?

እህቴ፣ ይህ ጥያቄሽ ያመኛል፤ ልክ ነሽና። ጤና ጣቢያው በየወሩ የአፈጻጸም ክትትል ቡድን ስብሰባ አለው። እዚያ የጤና ኬላሽ ቁጥር ተነስቶ ምን እንደተወሰነ ጠይቂ፤ ቃለ ጉባኤውን አሳዩኝ በይ። መብትሽ ነው። የጤና ጣቢያ ኃላፊዎችም፣ እባካችሁ፣ 12 የመረጃ ነጥብ መርጣችሁ መዝገብና ሪፖርት ስታመሳክሩ ውጤቱን ፋይል ውስጥ አትቅበሩት። በዚያው ሳምንት ለጻፈችው ንገሯት።