ሲ ኤይት ኮርቬት ልዘዝ ወይ ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ። "ሰባት አመት ያጠራቀምኩት ብር አለ፣ ሲ ኤይት ኮርቬት ኦርደር ላደርግ ነው፣ ያዘዘ ሰው ካለ ሂደቱን ይንገረኝ፣ ገዝቶ የተጸጸተም ካለ ይንገረኝ" ያልከውን አየሁት። ለማያውቅ ሰው፣ ሲ ኤይት ማለት የሼቭሮሌ ኮርቬት ስፖርት መኪና ስምንተኛው ትውልድ ነው። ከስር ደግሞ ግማሹ ሰው በዛ ብር አዲስ አበባ ቤት ግዛበት ሲልህ ነው የዋለው። እኔ አዝዤ፣ ጠብቄ፣ ገዝቼ እየነዳሁ ያለሁ ሰው ነኝ፣ የ2022 ሞዴል ነው፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሰኝ።

ቤት ግዛ የሚሉህ ክፉ አስበው አይደለም። ግን ብሩ የኪራይህ ወይ የእናትህ መድሀኒት ወይ የልጆችህ ካልሆነ፣ ከዛ ሁሉ የተረፈ ከሆነ፣ ሰው ፈቃድ አትጠይቅ። እኔ ዳውን ፔይመንቱን በእቁብ ነው ያወጣሁት፣ ሁለት ዙር ጣልኩ፣ ሁለተኛው ሲደርሰኝ ለባለቤቴ አማከርኳት፣ "ከልጅነትህ ጀምሮ የምታወራው እሱ አይደል፣ በቃ እዘዘው" አለችኝ። አልጸጸተኝም፣ አንድም ቀን።

አሁን ወደ ኦርደሩ። ትልቁ ስህተት ዲለር ጋር ገብቶ ዲፖዚት ከፍሎ ወረፋ ያዝኩ ብሎ ማሰብ ነው። ዲለሩ መኪና የሚያገኘው በአሎኬሽን ነው፣ ማለት ፋብሪካው ለእያንዳንዱ ዲለር እንደ ሽያጩ መጠን ኮታ ይሰጠዋል፣ ኮታ የሌለው ዲለር የፈለገ ኦርደር ቢጽፍልህ እዛው ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጦ ነው የሚቀረው። ስለዚ መጀመሪያ የምትጠይቀው "በወር ስንት አሎኬሽን ታገኛላችሁ፣ ከኔ በፊት ስንት ሰው አለ" ነው። ሁለተኛው ዋጋ ነው። እኔ መጀመሪያ የሄድኩበት ዲለር 1,000 ዶላር ተቀብሎ አምስት ወር አስቀምጦኝ ከዛ ደውሎ ከስቲከሩ፣ ማለት መኪናው ላይ ከተለጠፈው ዋጋ፣ በላይ 20,000 ዶላር ጨምር አለኝ። መኪናው ያኔ በ62,195 ነው የሚጀምረው፣ 20,000 ማለት የዋጋውን ሲሶ ማለት ነው እኮ። ዲፖዚቴን መለሰልኝ ግን የጠበቅኩት አምስት ወር አልተመለሰም። ሁለተኛው ሶስት ሰአት ተነድቶ የሚደረስበት ዲለር ነው፣ በኤምኤስአርፒ፣ ማለት ፋብሪካው ባወጣው ዋጋ፣ እንሸጣለን ብለው በወረቀት ፈርመው ሰጡኝ። በወረቀት ነው ያልኩህ፣ ሴልስማኑ ነገ ስራ ቢለቅ ወረቀቱ ይቀራል።

ኦርደሩ ከገባ በኋላ ቁጥር እየተከታተልክ ነው የምትኖረው። 1100 ሲሆን ገና ዲለሩ ጋር ያለ ነው፣ 2000 ፋብሪካው ተቀብሎታል፣ 3000 ለምርት ተመርጧል፣ 3400 ላይ ከደረሰ ቀለምም ምንም መቀየር የለም፣ 3800 ተሰራ ማለት ነው፣ 4200 ተላከ፣ 5000 ደረሰ። እኔ 3000 ላይ እያለሁ ነው ዲሴምበር 11 ቀን 2021 ቦውሊንግ ግሪንን ቶርኔዶ የመታት፣ መኪናው የሚሰራባት የኬንታኪ ከተማ ማለት ነው። ፋብሪካው ጣሪያው ተጎዳ፣ ከመቶ በላይ ኮርቬት ተበላሸ፣ ስራም ቆመ። ያን ቀን ጠዋት ስልኬን ከፍቼ መጀመሪያ ያየሁት የፋብሪካውን ፎቶ ነበር፣ ቀጥሎ ከተማው ውስጥ ቤት ፈርሶባቸው የሞቱ ሰዎች እንዳሉ ሳነብ ስለ መኪና ማሰቤን ተውኩት። እነዛ የሚሰሩት ሰዎች ራሳቸው እዛ ከተማ ነው የሚኖሩት። መኪናዬ ስፕሪንግ ላይ ደረሰ፣ ያን ያህል ጠበቅኩ ብዬ አንድም ሰው ላይ አላማረርኩም።

አንድ ነገር ልለምንህ፣ ከተቻለህ ሚውዝየም ዴሊቨሪ ምረጥ። ኦርደሩ ላይ አር ኤይት ሲ የሚባል ኮድ ነው፣ ተጨማሪ ይከፈልበታል ግን መኪናህን ዲለር ፓርኪንግ ላይ ሳይሆን እዛው ቦውሊንግ ግሪን ከፋብሪካው አጠገብ ያለው የኮርቬት ሚውዝየም ውስጥ ነው የምትረከበው። እኔ ገብቼ ሳየው ቶርች ሬድ የሚባለው ቀይ ቀለም ያለው መኪናዬ መብራት ስር ቆሟል፣ ስሜ ካርድ ላይ ተጽፎ አጠገቡ ተቀምጧል፣ እግሬ አልንቀሳቀስ አለኝ። ሰውየው እያንዳንዱን በተን እያሳየኝ እኔ ግን የሰማሁት ግማሹን ነው። እዛው ሚውዝየም ውስጥ የዞራ አርከስ ደንቶቭ የአስከሬኑ አመድ አለ፣ ሞተሩ ከሹፌሩ ጀርባ የሆነ ኮርቬት እንዲሰራ እድሜ ልኩን ሲለፋ የኖረ ኢንጂነር ነው፣ በ1996 ሞተ፣ ያሰበው መኪና የወጣው ግን በ2020 ሞዴል ነው። እዛ ቆሜ አመሰገንኩት።

ከዛ እኔ ወዳለሁበት ወደ ቨርጂኒያ ነድተህ መምጣት ነው፣ ወደ 700 ማይል ይጠጋል። ይሄ ራሱ ጥቅም አለው፣ ምክንያቱም አዲስ ሞተር የመጀመሪያ 500 ማይል ላይ ከ4,000 አርፒኤም (የሞተሩ ዙር በደቂቃ) በላይ አታስጩኸው ነው የሚለው መመሪያው፣ የመጀመሪያ 200 ማይል ደግሞ ፍሬን በሀይል አትያዝ። እኔ ቀስ ብዬ በኬንታኪ አልፌ ዌስት ቨርጂኒያ ተራሮቹ ውስጥ ገባሁ፣ ጣሪያውን ነቅዬ ከኋላ አስገብቼዋለሁ፣ ዝናብ ጥሎ ያቆመበት አስፋልት ነው፣ የማይሉ ቁጥር 499 ሲል ሬድዮውን ዘጋሁት። 500 ሲሞላ አንድ ዳገት ላይ ነዳጁን ረገጥኩ። የስምንቱ ሲሊንደር ድምጽ ከጆሮዬ ጀርባ ነው የመጣው፣ ከፊት አይደለም፣ የሰላሳ አመት ምኞት ወገቤን ገፋኝ ልበልህ ሌላ ቃል የለኝም።

እዚህ ላይ ግን ስማኝ። ቨርጂኒያ ውስጥ ከ85 ማይል ካለፍክ ወይ ከሊሚቱ በ20 ከበለጥክ ትኬት ብቻ አይደለም፣ ሬክለስ ድራይቪንግ ነው፣ ወንጀል ነው፣ እስከ 12 ወር እስርና 2,500 ዶላር ሊያስቀጣህ ይችላል፣ የፖሊስን ራዳር ቀድሞ የሚያሳውቀው ራዳር ዲቴክተርም ክልክል ነው። ኡበር የምትነዳ ከሆነ መንጃ ፈቃድህ እንጀራህ ነው። ይሄ መኪና 85ን ሳታውቀው ነው የሚያልፈው፣ ፍጥነቱን ራሱ የሚይዘውን ክሩዝ ተጠቀም።

ኦፕሽን ላይ ብዙ አትጨነቅ፣ ፍሮንት ሊፍቱን ግን አትተው። አፍንጫውን ወደ ሁለት ኢንች ያነሳልሃል፣ በጂፒኤስ እስከ 1,000 ቦታ ያስታውሳል። የኛ ቤተክርስቲያን መግቢያ ላይ ያለውን ጉብታ አንዴ አሳየሁት፣ አሁን እሁድ እሁድ ስደርስ ራሱ ብድግ ይላል።

ወጪው፦ ሲገዛ የስቴቱ ታክስ 4.15 ፐርሰንት፣ ከዛ ካውንቲው በየአመቱ እንደ መኪናው ግምት የሚያስከፍልህ አለ፣ እሱን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ኢንሹራንስ ሳታዝ በፊት ጠይቅ፣ ከአሁኑ መኪናህ ጋር እንዳታወዳድረው። ነዳጁ ፕሪሚየም ነው። የኋላ ጎማው 305 ስፋት ነው፣ ትርፍ ጎማ የለውም፣ የሰመር ጎማ ካዘዝክ ከ40 ፋራናይት በታች አትንዳው ይንሸራተታል፣ እኔ ክረምት ላይ ባትሪ ቻርጀር ሰክቼ ጋራዥ ነው የማሳድረው። ጋራዥ ከሌለህ እንደገና አስብበት። እቃ ሲሆን ከፊትም ከኋላም ትራንክ አለው፣ የኋላው ሞተሩ አጠገብ ስለሆነ ይሞቃል፣ የክትፎ ስጋ ገዝተህ ስትመለስ ከፊት አድርገው።

እናቴ ከደሴ መጥታ ነበር ባለፈው በጋ። ወንበሩ ዝቅ ያለ ነው፣ እጇን ይዤ ቀስ ብዬ አስቀመጥኳት፣ ነጠላዋን ሰበሰብኩላትና ቀበቶውን አሰርኩላት። ቤተክርስቲያን ስንደርስ አባ ጸበል ረጩት፣ እሷ ዳሽቦርዱን እየዳሰሰች "በላብህ ነው?" አለችኝ። በላቤ ነው እማዬ አልኳት። ከዛ በኋላ ስትወጣ ስትገባ መርቃዋለች፣ ሰው ሲመጣ ቡና እንኳን ሳይፈላ ጋራዥ ውስጥ ወስዳ ታሳያለች።

ቁመትህን አልጻፍክም፣ ከ6 ጫማ ከ3 ኢንች በላይ ከሆንክ ሳትቀመጥበት አትዘዝ። እዚህ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ አካባቢ ከሆንክ ኢንቦክስ አድርገኝ፣ ቅዳሜ ጠዋት ከስራ ነጻ ነኝ፣ መጥተህ ተቀመጥበት፣ ባለቤትህንም ይዘሃት ና፣ እሷም ትቀመጥበት።