ፕሮሞተሩ በፕላዝሚድ ላይ እየሠራ በክሮሞሶሙ ላይ ለምን ዝም ይላል?

ጠያቂያችን ያቀረቡት ችግር ይህ ነው፤ በነርቭ ሕዋሳት ውስጥ ብቻ የሚሠራ የአንድ ጂን ፕሮሞተር (ጂኑን የሚያስነሣው የዲኤንኤ ክፍል) ከሉሲፈሬዝ (ብርሃን ከሚያመነጭ ኤንዛይም) ጂን ጋር ተያይዞ በፕላዝሚድ (ከክሮሞሶም ውጭ ባለ ትንሽ ክብ ዲኤንኤ) ሲገባ ገና ወደ ነርቭ ሕዋስነት ባልተለወጡ ስቴም ሴሎች ውስጥም ያበራል፤ በእነዚያው ሕዋሳት ክሮሞሶም ላይ ያለው ጂን ግን ዝም ብሏል። ፕሮሞተሩ ታታ ሳጥን (ቅጂው የሚጀምርበትን ቦታ የሚጠቁም አጭር ቅደም ተከተል) የሌለው መሆኑም አሳስቧቸዋል።

የኋለኛውን ላስቀድም፦ የታታ ሳጥን አለመኖር እንግዳ ነገር አይደለም። በሲፒጂ (ሳይቶሲንና ጉዋኒን በተከታተሉበት ጥንድ) የበለጸጉ ፕሮሞተሮች አብዛኞቹ የላቸውም፤ የአርኤንኤ ቅጂውም ከአንድ ነጥብ ሳይሆን ከተበታተኑ በርካታ ነጥቦች ይጀምራል።

ከዋናው ችግር ጋር እኔም ታግያለሁ። ለሳምንታት የጠረጠርሁት የሕዋሳቱን ንጽሕና ነበር፤ ስሕተቱ ግን የቆረጥሁት የዲኤንኤ ቁራጭ ማጠሩ ላይ ነበር። ሬስት የተባለው አፋኝ ፕሮቲን የሚያርፍበት፣ 21 ቤዝ ያህል የሚረዝም ቅደም ተከተል በመጀመሪያው ኢንትሮን (ከቅጂው ተቆርጦ በሚወጣ የጂን ክፍል) ውስጥ ተቀምጦ ሳለ፣ እኔ ከቅጂው መነሻ በፊት ያለውን ክፍል ብቻ ወስጄ ነበር። እርሱን ስጨምር የስቴም ሴሎቹ ብርሃን በግልጽ ወረደ፤ ከቅደም ተከተሉ ጥቂት ቤዞችን ስለውጥ ደግሞ ተመልሶ ወጣ። ሬስት ከሂስቶን (ዲኤንኤው ከሚጠመጠምበት ፕሮቲን) ላይ የአሴቲል ምልክቶችን የሚያነሡና በዚህም ጂኑን የሚያፍኑ ኤንዛይሞችን ይጠራል፤ ሕዋሳቱ ወደ ነርቭ ሕዋስነት ሲያመሩ ራሱ እየተሰባበረ ስለሚጠፋ እገዳው ይላላል።

ይህም ሆኖ ፕላዝሚድ ሙሉ ምስክር አይሆንም። በ2006 እ.ኤ.አ. እንደተገለጸው፣ በስቴም ሴሎች ውስጥ የብዙ ዕድገት ተቆጣጣሪ ጂኖች ፕሮሞተሮች በሂስቶን ኤች3 4ኛ ቦታ ባለው ላይሲን (አሚኖ አሲድ) ላይ የማንቂያ፣ በ27ኛው ቦታ ባለው ላይ ደግሞ የማፈኛ ሜትል ምልክት ባንድነት ይይዛሉ፤ ጂኑ ሲነቃ የ27ኛው ይነሣና የ4ኛው ይቀራል። ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚቆይ ፕላዝሚድ ይህን አደረጃጀት በሚገባ አይወርስም። ስለዚህ ሁለቱን ምልክቶች በክሮሞሶሙ ላይ፣ ከለውጡ በፊትና በኋላ፣ በቺፕ (ምልክቱን በፀረ-አካል ይዞ አብሮት ያለውን ዲኤንኤ በሚለካ ዘዴ) እንዲለኩ እመክራለሁ። የዲኤንኤ ሜቲሌሽን (በራሱ በዲኤንኤው ላይ ያለ የሜትል ምልክት) ምርመራውን ግን ባያስቀድሙ ይሻላል፤ የሲፒጂ ደሴቶች (በሲፒጂ የበለጸጉ ክፍሎች) ጂኑ ዝም ባለበት ጊዜም አብዛኛውን ጊዜ ሜትል የላቸውምና።

ደግሞም የነርቭ ሕዋሱ በእርግጥ በዚህ ፕሮሞተር የሚጠቀም መሆኑን ያጣሩ። ቢዲኤንኤፍን (የነርቭ ሕዋሳትን ዕድገት የሚደግፍ ፕሮቲን የሚያስገኘውን) የመሰለ ጂን በርካታ ፕሮሞተሮች አሉት፤ የሚወጣው ፕሮቲን አንድ ቢሆንም፣ 4ኛው ፕሮሞተር በነርቭ ሕዋሱ መነቃቃትና በሚገባው ካልሲየም ይታዘዛል። እያንዳንዱ ፕሮሞተር ቅጂውን በራሱ የመጀመሪያ ኤክሶን (በቅጂው ውስጥ በሚቀር የጂን ክፍል) ስለሚጀምር፣ ለእያንዳንዱ የተለየ ፕራይመር (ያንን ቅጂ ለይቶ ለማባዛት የሚያገለግል አጭር ዲኤንኤ) ካዘጋጁ፣ የትኛው እንደሚሠራ ወዲያው ይለያል።