መልስ፦ የርብ ወንዝ ዳር ግድብ ጠባቂ ክረምት ላይ ምን ይሠራል?

ወንድሜ፣ ፎገራ ላይ የርብን የወንዝ ዳር የአፈር ግድብ እንድትጠብቅ ተመድበህ «ሥራዬ ምንድን ነው?» ብለሃል። ግማሹ ሥራ ከሰኔ በፊት ነው። ከብት የሚሻገርበት ቦታ ዝቅ ይላል፤ ውሃው መጀመሪያ የሚዘለው በዚያ ነው። አፈር ጨምረህ ጠቅጥቀው። የአይጥ ጉድጓድም ፈልግ።

ሐምሌና ነሐሴ ሌሊትም ጭምር በእግር መዞር ነው፣ ሌላ ዘዴ የለውም። (ቦቲና ባትሪ አሁኑኑ ጠይቅ፤ ጎርፉ ከመጣ ሰሚ የለም።) ከግድቡ ጀርባ (ከወንዙ ተቃራኒ በኩል) የሚወጣ ውሃ ካለ ቀለሙን እይ። ጥርት ያለ ከሆነ እየተከታተልክ ቆይ። ከደፈረሰ ግን አፈሩን ከውስጥ እየበላው ነውና ወዲያው ለአለቃህ ደውል። ቀዳዳውን አትድፈነው፤ ዙሪያውን በአሸዋ ጆንያ ክበበው።

መስከረም ላይም እንዳትዘናጋ። ዝናቡ ቢቀንስም ርብ የሚገባበት የጣና ሐይቅ ገና ሙሉ ስለሆነ የርብ ውሃ ቶሎ አይወርድም።