ጆቡ በ137 ይሞታል፣ ሜሞሪ ሲጨመርለት ደግሞ አይነሳም

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። የወር መጨረሻ የደንበኞች ሂሳብ መግለጫ በፒዲኤፍ የሚያወጣ የጃቫ ፕሮግራም ኤደብሊውኤስ ባች (ጆብ፣ ማለትም ሥራ፣ ተቀብሎ ማሽን አዘጋጅቶ የሚያስኬድ የአማዞን አገልግሎት) ላይ በኮንቴይነር (ፕሮግራሙ ከሚያስፈልገው ጋር ተጠቅልሎ በሚሮጥበት ሳጥን) ይሮጣል፤ ውቅሩ በሙሉ የተጻፈው በቴራፎርም (የክላውድ ውቅርን ከፋይል አንብቦ የሚያስፈጽም መሣሪያ) ነው። 16 ጊጋ ባለው ላፕቶፕ ላይ ያለችግር ይጨርሳል፣ ባች ላይ ግን ሥራውን ሳይጨርስ በመውጫ ኮድ 137 ይሞታል። ሜሞሪውን ከ4096 ሜጋ ወደ 8192 ሜጋ ስታሳድጊው ደግሞ ጭራሽ አይነሳም፤ "ራነብል" በሚባለው ማሽን የመጠበቂያ ደረጃ ላይ ተገትሮ ያድራል።

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት፦ በላክሽልኝ ፋይል ውስጥ ኢንቫይሮንመንት ከሚለው ሥር የዳታቤዙ ፓስወርድ በግልጽ ተጽፏል። ሌላውን ሳትነኪ እሱን ቀይሪ። እመለስበታለሁ።

ወደ ሕመሙ ስመጣ፣ ሁለት በሽታ ይመስላል እንጂ አንድ ነው። የጠቆመኝ ሎጉ ነው። የመጨረሻው መስመር መሃሉ ላይ ተቆርጦ ቀርቷል፤ ኤክሴፕሽን (የስህተት መልእክት) የለ፣ ስታክ ትሬስ የለ። ጃቫ ሂፑ (ዳታውን የሚያስቀምጥበት ሜሞሪ) ሲሞላበት ጮኾ ነው የሚሞተው። ድምፅ ሳያሰማ የሞተውን የገደለው ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ነው፤ 137 ማለት 128 ሲደመር ሲግናል 9 (አስገድዶ የሚገድል ትእዛዝ) ነውና። ዲስክራይብ ጆብስ የሚለውን የባች ትእዛዝ ሰጥተሽ ምክንያቱን አንብቢ። "አውት ኦፍ ሜሞሪ ኤረር" ካለ ግምቴ ልክ ነው። "ሆስት ኢሲ2" ብሎ ከጀመረ ግን ማሽኑ (ኢሲ2 የአማዞን የኪራይ ማሽን ነው) ራሱ ነው ከሥርሽ የጠፋው፤ ስፖት (አማዞን ሲፈልግ የሚነጥቀው ርካሽ ማሽን) ከሆነ ተነጥቀሻል ማለት ነው፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ይቺን ነገር ለሰው ሁሉ ሳልነግር አላልፍም። ሲፒዩና ሜሞሪ ፋይሉ ላይ ጎን ለጎን ስለሚጻፉ ሰው ባሕሪያቸውም አንድ ይመስለዋል። ሲፒዩ እንደ ሚኒባስ ታክሲ ነው፤ ረዳቱ "ጠጋ ጠጋ በሉ" ይላል፣ ሁሉም ይጨናነቃል፣ ግን ይደረሳል። ኢሲ2 ላይ የጻፍሽው የሲፒዩ ቁጥር ድርሻ ነው፤ ማሽኑ ሥራ ከፈታ ከድርሻሽ በላይም ትወስጃለሽ፣ ከተጣበበ ትዘገያለሽ እንጂ አትሞቺም። ሜሞሪ ላይ ግን ጠጋ በሉ የለም። 4096 ብለሽ ከጻፍሽ ከርነሉ ያንን ጣሪያ ያደርገዋል፤ ፕሮግራምሽ ጣሪያውን ሲነካና የሚለቀቅ ገጽ ሲጠፋ ሂደቱ ይገደላል። ማስጠንቀቂያ የለውም፤ ሲግናል 9ን ደግሞ ፕሮግራም ሊይዘው አይችልም። አንቺ ደግሞ ጃቫውን በኤክስኤምኤክስ 4 ጊጋ አስነስተሽዋል። እሱ የሂፑ ልክ ብቻ ነው። ሜታስፔሱ፣ በ64 ቢት ሊኑክስ ላይ ለእያንዳንዱ ትሬድ እስከ 1 ሜጋ የሚያዘው ስታክ፣ ዳይሬክት በፈሩ፣ ጋርቤጅ ኮሌክተሩ ራሱ የሚበላው፣ ሁሉም ከሂፑ ውጭ ናቸው። 4 ጊጋ ሂፕ በ4 ጊጋ ኮንቴይነር ውስጥ ቀኑን ቆጥሮ መሞቱ አይቀርም። ላፕቶፕሽ ላይ የተረፈው ጣሪያው ስላልነበረ ነው።

ታዲያ 8192 ለምን አልነሳም? ኮምፒውት ኢንቫይሮንመንትሽ (ባች የትኞቹን ማሽኖች እንደሚያስነሳ የሚወሰንበት ቅንብር) የሚፈቅደው ኤም5 ላርጅ የሚባለውን ማሽን ብቻ ነው። 8 ጊጋ ተብሎ ይሸጣል፤ ግን ከርነሉና የኢሲኤስ (ባች ኮንቴይነሮቹን የሚያስነሳበት አገልግሎት) ኤጀንቱ ድርሻቸውን ከወሰዱ በኋላ ለኮንቴይነር የሚተርፈው ከ8192 በታች ነው። ባች የሚመጥን ማሽን የለውም፣ ጆቡ ወደቀም አይልም፣ ይጠብቃል። የተረፈውን ልክ በዓይንሽ እዪው፦ የድሮውን 4096 ጆብ ላኪና ማሽኑ ሲነሳ የኢሲኤስ ክላስተሩን ከፍተሽ ኮንቴይነር ኢንስታንሱ ያስመዘገበውን ሜሞሪ ተመልከቺ።

በጆብ ዴፊኒሽኑ (ጆቡ እንዴት እንደሚነሳ በተጻፈበት) ሪሶርስ ሪኳየርመንትስ ላይ ሜሞሪውን 7000 አድርጊ፤ ቁጥሩ በጥቅስ ምልክት ውስጥ ይሁን፣ እዚህ ቦታ ስትሪንግ ነው የሚፈልገው። ኤክስኤምኤክስን አውጥተሽ ማክስ ራም ፐርሰንቴጅ (ከኮንቴይነሩ ሜሞሪ ለሂፕ የሚሰጠው መቶኛ) 75 አስገቢ። ኤክስኤምኤክስን አውጥተሽ ሌላውን ከረሳሽ ጃቫ ሩቡን ብቻ ይወስድና አሁን ደግሞ በሂፕ ይጮኽብሻል። ጃቫ 8 ላይ ከሆንሽ ቢያንስ አፕዴት 191 ይሁን፤ ከዚያ በፊት ያለው ይህን ቅንብር አያውቀውም። ኢሜጁ (ኮንቴይነሩ የሚነሳበት ጥቅል) "ሌተስት" ስለሚል የትኛው እንዳለሽ እኔም አንቺም ልናውቅ አንችልም። ይህን "ሌተስት" የሚሉትን ነገር ማን እንዳስለመደን እንጃ። ቁጥር ያለው ታግ ስጪው።

ከአንቺ በፊት የነበረው ልጅ ደግሞ ሪትራይ 10 (ሲወድቅ እስከ አሥር ጊዜ ሞክር) ብሎ ሄዷል። በሜሞሪ የሞተ ጆብ አሥሩንም ጊዜ እዚያው ቦታ ይሞታል፣ አንቺ አሥሩንም ትከፍያለሽ። ኢቫልዩዌት ኦን ኤግዚት ውስጥ ምክንያቱ በ"ሆስት ኢሲ2" ሲጀምር ብቻ ይድገም፣ ለሌላው ሁሉ ኤግዚት በይ። ኮንሶል ላይ በእጅ የተሠራ ሪቪዥንም (የጆብ ዴፊኒሽኑን አዲስ ቅጂ) አይቻለሁ፤ ቴራፎርም ስለሱ ምንም አያውቅም። ጆቡን የሚጠራው ሰዓት ቆጣሪ የሪቪዥን ቁጥር በእጅ ተጽፎበት ከሆነ አውጪውና ከቴራፎርሙ ሪሶርስ ይውሰድ፣ አለዚያ ያስተካከልሽው ሳይሮጥ አሮጌው ይጠራል።

አሁን ፓስወርዱ። ቴራፎርም ላይ ሴንሲቲቭ ማለት ከስክሪን ይሰውረዋል እንጂ ስቴት ፋይሉ (ቴራፎርም የሠራውን የሚመዘግብበት) ውስጥ በግልጽ ተቀምጧል። ከፋይሉ መሰረዝም አይበቃም፤ የተሰረዘ ጆብ ዴፊኒሽን ከባች የሚጠፋው ከ180 ቀን በኋላ ነው፣ እስከዚያ ማየት የተፈቀደለት ሁሉ ያነበዋል። ስለዚህ ዳታቤዙ ላይ ቀይሪው፤ አዲሱን ሲክሬትስ ማናጀር (የአማዞን የምስጢር ማስቀመጫ) ውስጥ አስቀምጠሽ በጆብ ዴፊኒሽኑ ሲክሬትስ በኩል ጥሪው፣ ለኤክሲኪውሽን ሮሉም የማንበብ ፈቃድ ስጪ። አፕላይ ከማለትሽ በፊት ፕላኑን (ቴራፎርም ሊያደርግ ያሰበውን ዝርዝር) ሙሉውን አንብቢ፤ ፓስወርድ የሚመስል ነገር እዚያ ካየሽ አቁሚ።

በ7000 ልከሽውም ራነብል ላይ ከቆመ ምክንያቱን ከሜሞሪ ውጪ ፈልጊ። ማሽኑ ኢሲ2 ላይ ተነስቶ ክላስተሩ ውስጥ ካልታየ ሰብኔቱ (ማሽኑ ያለበት የኔትወርክ ክፍል) ወደ ውጭ መውጫ የለውም ይሆናል፤ መንገድ የሚሰጡትን ናት ጌትዌዩን ወይም ኢንድፖይንቶቹን ፈትሺ።