ለሎው ስኩል የምታመለክቱ ልጆች፣ የደረሰባችሁን ጻፉት

በየዓመቱ እዚህ አሜሪካ የሎው ስኩል (የሕግ ትምህርት ቤት) ማመልከቻቸውን «እስኪ እዩልኝ» ብለው የሚልኩልኝ የኛ ልጆች አሉ። ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ አንዳንዴም ከዳላስ። እኔም ዕድሜዬን በጥብቅና የጨረስኩ ሰው ነኝና ደስ ብሎኝ አነባለሁ። ጽሑፋቸው ጥሩ ነው። ትራንስክሪፕቱን፣ የኮሌጅ ውጤታቸው የሰፈረበትን ወረቀት፣ ስከፍት ግን አንድ ሴሚስተር ላይ ውጤቱ ድንገት ወርዷል። ስለሱ አንድም ቃል አልተጻፈም። ደውዬ ስጠይቅ ነው አባትየው ስትሮክ እንደመታው፣ ልጁ ማታ ማታ ፓርኪንግ እየሠራ የቤት ኪራይ ይከፍል እንደነበር የምሰማው። «ታዲያ ለምን አልጻፍከውም?» ስለው፣ «የቤታችንን ጉዳይ ለሰው ለምን አወራለሁ?» ይለኛል።

አስተዳደጋችን ነው፤ ይገባኛል። የቤት ገመና ደጅ አይወጣም ተብለን ነው ያደግነው። ችግሩ፣ ማመልከቻችሁን የሚያነበው ሰው እናንተንም ቤታችሁንም አያውቅም። የሚያየው ወረቀቱን ብቻ ነው። ምክንያቱን ካልነገራችሁት «ይሄ ልጅ ሰንፎ ነው» ብሎ ቢያልፍ አይፈረድበትም።

የሚጻፍበት ቦታም አለው፤ አደንደም ይባላል። ስለ ራሳችሁ ከምትጽፉት ድርሰት፣ ከፐርሰናል ስቴትመንት፣ ለብቻው የሚያያዝ አጭር ወረቀት ነው። ግማሽ ገጽ ይበቃል። ምን ሆነ፣ መቼ፣ እናንተ ምን አደረጋችሁ፣ ከዚያስ ውጤታችሁ እንዴት ሆነ? በቃ። ለምሳሌ እንዲህ ይጻፋል፦ «በ2022 የበልግ ሴሚስተር አባቴ ታሞ ሥራ አቆመ። ቤተሰቡን ለመርዳት በሳምንት 35 ሰዓት ማታ እሠራ ነበር። በዚያ ሴሚስተር ሁለት ኮርሶች ወደቅሁ። እናቴ ሥራ ካገኘች በኋላ ሰዓቴን ቀነስኩ። ከዚያ ወዲህ ባሉት አራት ሴሚስተሮች ከ3.6 በታች አላመጣሁም።» ለቅሶ የለበትም። አስተማሪ መውቀስ የለበትም። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ከሁሉም ትበልጣለች፤ ችግሩ ሲቀል ምን መሥራት እንደምትችሉ የምታሳየው እሷ ናት።

ስለ ጂፒኤ (አማካይ የኮሌጅ ውጤት) ብዙዎቻችሁ የማታውቁት ነገር አለ። ኮሌጃችሁ የወደቃችሁበትን ኮርስ ደግማችሁ ስትወስዱ የድሮውን ውጤት ከስሌቱ ሊያወጣው ይችላል። ማመልከቻ የሚያሰባስበው ድርጅት፣ ኤልሳክ፣ ግን በራሱ ስሌት ሁለቱንም ይቆጥራል። ባችለር ዲግሪ ከመያዛችሁ በፊት እንደ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ወይም ኖቫ ባሉ የኮሚዩኒቲ ኮሌጆች የወሰዳችሁትም ሁሉ ይገባል። ስለዚህ ከምታስቡት ያነሰ ቁጥር ብታዩ አትደንግጡ፤ አደንደሙ ለዚህም ይረዳል። አዲስ አበባ ተምራችሁ ለመጣችሁት ደግሞ ቁጥር አይሰጣችሁም፤ ትራንስክሪፕታችሁ ተገምግሞ ደረጃ ነው የሚወጣለት።

አሁን ኤልሳክ ወደሚሰጠው የሎው ስኩል መግቢያ ፈተና፣ ወደ ኤልሳት ልምጣ። እዚህ ላይ ወላጆችም ቢሰሙኝ ደስ ይለኛል። ኤዲኤችዲ (ትኩረት የመሰብሰብ ችግር)፣ ዲስሌክሲያ (የማንበብ ችግር) ወይም የዓይን ችግር ያለበት ልጅ ተጨማሪ ሰዓት፣ ረዘም ያለ እረፍት ወይም በትልቅ ፊደል የተጻፈ ፈተና መጠየቅ ይችላል። መብቱ ነው። «ስሙ ይበላሻል» ብሎ መፍራት ዛሬ ምክንያት የለውም። ድሮ ተጨማሪ ሰዓት የተሰጠው ሰው ውጤት ላይ ምልክት ይደረግ ነበር። በ2014 የፌዴራሉ ፍትሕ ሚኒስቴርና የካሊፎርኒያ መንግሥት ከሳሽ በነበሩበት ጉዳይ ኤልሳክ 7.73 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈልና ምልክቱን ለማቆም ተስማማ። ሎጂክ ጌምስ የሚባለው የፈተናው የእንቆቅልሽ ክፍል ከኦገስት 2024 ጀምሮ መቅረቱም መነሻው ዓይነ ስውራን አመልካቾች ያነሱት ክስ ነው። እነዚህ ሰዎች ያን ያህል የታገሉት እናንተ አፍራችሁ እንድትቀሩ አይደለም። የሐኪም ማስረጃ ስለሚጠየቅ ግን በጊዜ ጀምሩት።

ስለ እስርና ስለ ዲሲፕሊን ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ ጥያቄውን ቃል በቃል አንብቡ። አንዱ ትምህርት ቤት የተፈረደባችሁን ብቻ ይጠይቃል፤ ሌላው ክሱ ቢዘጋም የታሰራችሁበትን ይጠይቃል። የተጠየቃችሁትን ሁሉ በእውነት መልሱ። ከሦስት ዓመት በኋላ ለባር፣ ማለትም ለጥብቅና ፈቃድ፣ ስታመለክቱ ስለ ጠባያችሁ ይመረመራል፤ ያኔ የሎው ስኩል ማመልከቻችሁም ይታያል። በ19 ዓመት የተሠራ ጥፋት ብዙ ጊዜ ይታለፋል። ውሸት ግን በዚህ ሙያ ክፉኛ ነው የሚጎዳው። ፋይሉ በፍርድ ቤት ከተዘጋ ወይም ከተሰረዘ ጥያቄውን ከመመለሳችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ።

«ዘርን እያዩ ተማሪ መቀበልን ከከለከለው ከ2023ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ በኋላ ስለ ጥቁርነቴ መጻፍ ክልክል ነው?» የሚሉኝም አሉ። ክልክል አይደለም። ትምህርት ቤቱ ዘራችሁን ብቻ አይቶ ነጥብ አይሰጥም። ዘራችሁ በሕይወታችሁ ላይ ያመጣውን ግን መጻፍ ትችላላችሁ፤ ውሳኔው ራሱ ይላል። መኖሪያ ወረቀት የሌላችሁም ተስፋ አትቁረጡ። ካሊፎርኒያ በ2014 ወረቀት ለሌለው ሰው የጥብቅና ፈቃድ ሰጥታለች። ከማመልከታችሁ በፊት ልትሠሩበት የምታስቡት ስቴት ሕጉ ምን እንደሚል እወቁ።

አሁንም ቤተሰብ የምትረዱ ከሆነ ደግሞ የማታ ፕሮግራም አለላችሁ። የዲሲው ዩኒቨርሲቲ ዩዲሲም፣ ጆርጅታውንም፣ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ባልቲሞርም አላቸው። ከሦስት ይልቅ አራት ዓመት ገደማ ይወስዳል፤ ዲግሪው ያው ነው። ከሥራችሁ ሳትወጡ፣ ኪራዩንም እየከፈላችሁ መማር ትችላላችሁ።