«ሁለት ታይት ደራርባ ነው የምትወጣው»

ይድረስ ለምክር አምዱ አዘጋጅ፣

ትዕግሥቴ አልቋል። የ14 ዓመት ልጄ በታዳጊዎች ፕሮጀክት ውስጥ ትሮጣለች። የአሠልጣኟ ስድብ አይጣል ነው፤ ሰዓት ያላሟላችውን ልጅ በሰው ፊት «አህያ» ይላል፣ በፊሽካው ገመድ ይገርፋል። ለጫማ ብሎ የሰበሰበው ብር የት እንደገባ አይታወቅም። ለሌሎቹ ወላጆች ብናገር «ኃይለኛ ካልሆነ ሯጭ አያወጣም» አሉኝ። ሻይ ቡና እየሸጥኩ ብቻዬን ነው የማሳድጋት፤ ክለብ ከገባች ደመወዝ ታገኛለች ብዬ ቻልኩት።

ሰሞኑን ደግሞ በዚህ ሙቀት ሁለት ታይት ደራርባ ነው የምትወጣው። ለምን ስላት ዝም። ከልምምድ በኋላ ዕቃ ክፍል ውስጥ ማሳጅ የሚያደርጋት ራሱ እንደሆነ የነገረችኝ ታናሿ ናት። ሰውየው የተከበረ ነው። በሽማግሌ ላስመክረው ወይስ ዝም ብዬ ላስቀራት?

እናት ነኝ

*

እህቴ፣ የጫማውን ብር ለጊዜው ተዪው። ልጅሽ በአፏ ማውጣት ያቃታትን በልብሷ እየነገረችሽ ነው።

ሽማግሌ የሚላከው ለተጣላ ሰው ነው። እዚህ ጠብ የለም። ሽማግሌ ከላክሽ ነገሩ ቡና ላይ ያልቅና እሱ ነገ ሌላዋን ልጅ ይዞ እዚያ ክፍል ይገባል። ልጅሽንም አፍሽን ዝጊ ለማለት ጊዜ ያገኛል። በፍጹም አትላኪ!

«የተከበረ ነው» አልሽኝ። ላሪ ናሳርም የአሜሪካ ጂምናስቲክ ብሔራዊ ቡድን የተከበረ ሐኪም ነበር። ሕክምና ነው እያለ፣ አንዳንዴ እናት እዚያው ክፍል ተቀምጣ ሳለ፣ ለዓመታት በልጆች ላይ ወሲባዊ ጥቃት ፈጽሟል። ቀድመው የተናገሩ ነበሩ፤ ሰሚ አጡ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሚሺጋን ውስጥ ከ40 እስከ 175 ዓመት ሲፈረድበት ከ150 በላይ ሴቶች ችሎት ፊት ቃላቸውን ሰጥተዋል።

አንድ ነገር ልቆጣሽ። ልጅ በሰው ፊት ስትገረፍ ወላጅ ሁሉ ዝም ካለ፣ ያ ሰው ምንም ቢያደርግ ጠያቂ እንደሌለው አወቀ ማለት ነው። ልጆቹም አወቁ።

ዛሬ ማታ አጠገቧ ተቀመጪና «ምንም ብትነግሪኝ አልቆጣሽም፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» በያት። አትመርምሪያት፤ ዝም ካለች አታስጨንቂያት። ብትናገርም ባትናገርም ነገ ወደ እሱ አትሄድም። አንቺ ግን ፖሊስ ጣቢያ፣ ሴቶችና ሕፃናት ክፍል ሂጂና የምታውቂውን ብቻ ተናገሪ፤ ማጣራት የእነሱ ሥራ ነው። «ፈቅዳ ነው» ቢል አያድነውም። በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 626 ከ13 እስከ 18 ዓመት ባለች ልጅ ላይ ወሲባዊ ድርጊት መፈጸም ወንጀል ነው፤ አድራጊው አስተማሪዋ ሲሆን ደግሞ ቅጣቱ ይከብዳል።

ሩጫውን አታስተያት፤ እግሯ የራሷ ነው። ሌላ ፕሮጀክት ስትወስጃት ግን ማሳጁን ማን፣ የት፣ ማን ባለበት እንደሚሠራ መጀመሪያ ጠይቂ። ጥያቄው ያስቆጣው አሠልጣኝ ካለ ልጅሽን ይዘሽ ውጪ።