ዛጎል አይሸሽም

ይድረስ ካሜራ ለያዛችሁ ልጆቼ፣

ባለፈው ጥቅምት አንድ ወጣት ቤቴ ድረስ መጥቶ «ጋሼ፣ ፎቶግራፍ መማር እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» አለኝ። ከሠርግ ወይም ከተራራ ጀምር እንድለው ጠብቆ ኖሯል። ከመሳቢያዬ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፣ አናቷ ላይ የተበሳች ግማሽ ዛጎል አውጥቼ መዳፉ ላይ አኖርኩለትና «ይህችን አንሥተህ ተመለስ» አልኩት። ቅር ብሎት እንደሄደ ከአካሄዱ ገባኝ። ያን ዕለት ያላብራራሁለትን ለሁላችሁም ልጻፈው።

ሰው ስታነሡ ዓይኑን ይጨፍናል። ደመና ይመጣል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ሙሽራዋ ትዘገያለች፤ ፎቶው ሲበላሽ የምናላክክበት አናጣም። ዛጎል ግን አይሸሽም። ምሳ ሰዓቴ ደረሰ አይልም፤ በግራ በኩል አንሡኝ አይልም። ጠዋት ያስቀመጣችሁት ማታም እዚያው ነው። ፎቶው ከተበላሸ ያበላሻችሁት እናንተ ናችሁ ማለት ነው።

እኔን ያስተማረኝ አንድ የጣውላ ሳጥን ነው። በ1972 ዓ.ም. የ24 ዓመት ወጣት ሆኜ ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ጉርድ ፎቶ አነሣ ነበር። ወደብ ላይ ሲሠሩ የኖሩ አንድ አዛውንት ምጽዋ ዳርቻ ለዓመታት የለቀሟቸውን ሁለት መቶ ያህል ዛጎሎች በሳጥን ይዘው መጡ። «ዓይኔ እየደከመ ነው፤ በትልቁ አንሣልኝና ግድግዳ ላይ ልያቸው» አሉ። አሠሪዬ ሳቀና ሥራውን ለእኔ ሰጠኝ።

በማውቀው መንገድ ሄድኩ። ዛጎሎቹን እንደ ጉርድ ፎቶ ደንበኛ ፊት ለፊቴ ደርድሬ ፍላሽ ለቀቅሁባቸው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ወረቀቱን ሳጥበው ከዛጎሉ ጀርባ ላይ የተገለጠልኝ ነጭ ጠባሳ ብቻ ሆነ። ፍላሹን ትቼ መስኮት አጠገብ ሞከርኩ። አሁን ደግሞ የዛጎሉ ጀርባ ላይ መስኮቱ ከነፍርግርጉ፣ ከሥሩም ካሜራ ላይ ያጎነበሰ አንድ ቀጭን ሰው ታየ። ሰውየው እኔ ነበርኩ።

እናቶቻችን አንቀልባ ላይ የሚሰፉት፣ የሐመር ሴቶችም በቆዳ ልብሳቸው ላይ የሚደረድሩት ያ ትንሽ ዛጎል እንዲህ የሚያበራው ማንም ወልውሎት አይደለም። በሕይወት ሳለ እንስሳው የገዛ ሥጋውን ወደ ውጭ ዘርግቶ ቅርፊቱን ይሸፍነዋል፤ አሸዋም ድንጋይም አይፍቀውም። መስታወት ሆኖ ነው የሚያድገው። መስታወት ስታነሡ ደግሞ የምታነሡት ዕቃውን ሳይሆን ዙሪያውን ነው። መፍትሔውን ያገኘሁት ከእናቴ ነጠላ ነው። መስኮቱ ላይ ወጥሬ ስሰቅለው ብርሃኑ ለሰለሰ፤ የዛጎሉ ክብነትም ታየ። ብቻ የመጀመሪያው ቀን ጥለቱን ወደ ታች አድርጌ ሰቅዬው ኖሮ፣ ፎቶው በጥቁርና ነጭ ሆኖም አንድ ጥቁር ሰረዝ በዛጎሉ ወገብ ላይ ዞሮ ተገኘ። አዛውንቱ አዲስ ዓይነት ዛጎል መስሏቸው ነበር። ዛሬ ለዚህ ሥራ የሚሸጥ ድንኳን መሳይ ዕቃ አለ፤ ገንዘብ ካላችሁ ግዙ። ጥለት የሌለው ነጠላ ግን ያው ሥራ ይሠራል።

ሸካራው ዛጎል ሌላ ጠባይ አለው። ጅረት ጅረት ያለውን በለስላሳ ብርሃን ብታነሡት ድቡልቡል ሊጥ ይመስላል። ብርሃኑን ከአንድ ጎን ዝቅ አድርጋችሁ አምጡለት፤ የጠዋት ፀሐይ የእርሻ ትልም ላይ ስትወድቅ እንደምታዩት እያንዳንዱ መስመር ጥላውን ይጥላል። ውስጡ እንደ ሉል የሚያብረቀርቀው ደግሞ ከሁሉም ያስቸግራል። ቀለሙ ቀለም አይደለም፤ እጅግ ስስ በሆኑ ንጣፎች ላይ ብርሃን ሲመላለስ የሚፈጠር ነው። ዛጎሉን ትንሽ ስታዞሩት አረንጓዴው ሮዝ ይሆናል። «ትክክለኛው ቀለም የቱ ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም፤ ከየትኛው አቅጣጫ እንዳያችሁት ግን ማስታወሻ ያዙ።

አሁን ወደ ራስ ምታቱ ልግባ። ዛጎሉ ፊልሙ ወይም ሴንሰሩ ላይ በእውነተኛ መጠኑ እስኪያርፍ ስትጠጉ፣ እኛ አንድ ለአንድ የምንለው ማለት ነው፣ በ35 ሚሊ ሜትር ካሜራ ኤፍ 8 ላይ (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል) ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከሳንቲም ውፍረት ያነሰ! አፉ ሲጠራ ጀርባው ይደበዝዛል። ጀማሪ ሁሉ እንደሚያደርገው የሌንሱን ቀዳዳ እስከ መጨረሻው ዘጋሁት። ጥልቀቱ ጨመረ፤ ግን ፎቶው በሙሉ ጭጋግ የገባበት መሰለ። ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን ነው። በዚያ ቅርበት ኤፍ 22 ብላችሁ የዘጋችሁት ሌንስ በግምት እንደ ኤፍ 44 ይሠራል፤ ይህን ያኔ የነገረኝ አልነበረም።

ጠባብ ቀዳዳ ረጅም ጊዜም ይፈልጋል። በ1927 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ አሜሪካዊው ኤድዋርድ ዌስተን ናውቲለስ የሚባለውን የባሕር እንስሳ ጠምዛዛ ዛጎሎች ሲያነሣ አንዱን ፎቶ ለመጨረስ ሰዓታት ይወስድበት ነበር። እስቲ አስቡት፤ በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ ደጃፍ ላይ መኪና ቢያልፍ ወይም ወለሉ ላይ ልጅ ቢሮጥ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። የእኛ ፎቶ ቤት ወለል ጣውላ ስለነበር እኔ የምሠራው አሠሪዬ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፣ እሑድ ጠዋት ነበር።

እናንተ ኮምፒውተር አላችሁ። ከፍታው 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዛጎል ከአፉ እስከ ጀርባው በጥቂቱ እየገፋችሁ 30 ያህል ጊዜ ታነሡና ከእያንዳንዱ የጠራውን ክፍል ብቻ ለቅሞ አንድ የሚያደርግ ፕሮግራም ትጠቀማላችሁ። አልቃወምም፤ እኔም በስተርጅና ተምሬዋለሁ። ዛጎሉም ካሜራውም አንድ ፀጉር ያህል እንኳ እንዳይነቃነቅ፤ ዛጎሉን ከሥሩ በትንሽ የሸክላ ጭቃ ደግፉት። ውጤቱንም ጠርዝ ጠርዙን መርምሩ፤ ፕሮግራሙ ሲሳሳት እዚያ ላይ ጭላንጭል መሳይ ነገር ይተዋል። አንድ ነገር ግን ይቆጨኛል። እኛ ያለችን 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለነበረች የቱ ላይ እንደምናውላት ስንመርጥ ዛጎሉን ሳንወድ በግድ እናየው ነበር። እኔ አብዛኛውን ጊዜ የአፉን ጥርሶች መረጥኩ።

አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ። ከዚያ ሳጥን ውስጥ እንደ ማማ የተጠመዘዘ አንድ ረጅም ዛጎል ነበር፤ ፎቶውን አሳምሬ አትሜ አንድ መሥሪያ ቤት ለግድግዳ ጌጥ ወሰደው። ከሳምንታት በኋላ አንድ የባዮሎጂ መምህር በሩጫ መጡና «ይህ ዛጎል የት ተገኘ?» አሉኝ። ዓይናቸው ያበራል። ፎቶዬን ያደነቁ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። ዛጎሉን አውጥቼ ስሰጣቸው ከፎቶው ጎን አቁመው አዩትና ትከሻቸው ወረደ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ጠምዛዛ ዛጎል ጫፉን ወደ ላይ፣ አፉን ወደ እናንተ አድርጋችሁ ብታቆሙት ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ አፉ በቀኝ በኩል ይሆናል። በግራ የሚሆነው ብርቅ ነው። የእኔ ፎቶ ላይ በግራ ነበር፤ ነጋቲቩን፣ ማለትም የታጠበውን ፊልም፣ ገልብጬ ምስሉን አጉልቶ ወረቀት ላይ በሚያሳርፈው ማጉያ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ጉርድ ፎቶ ቢሆን ደንበኛው የፀጉሩን ክፍፍል አይቶ ይጮህብኝ ነበር። ዛጎል አይጮህም።

ያጽናናኝ ሆላንዳዊው ሠዓሊ ሬምብራንት ነው። በ1650 እ.ኤ.አ. የአንድ ባለ ነጠብጣብ ዛጎል ሥዕል በመዳብ ላይ ቀርጾ ሲያትመው ዛጎሉ ተገልብጦ አፉ በግራ ወጥቷል፤ በሕትመት ላይ ሁሉም ነገር እንደሚገለበጥ እያወቀ። የገዛ ስሙን ግን ገልብጦ ቀርጾታልና በትክክል ይነበባል። እኔም ከፎቶው ጀርባ የፎቶ ቤቱን ማኅተም አቃንቼ ነበር የመታሁት። ዛሬ በአንዲት ቁልፍ ሥዕል መገልበጥ ስለሚቻል ለገጽ እንዲያምር ብላችሁ እንዳትነኩት። ቢያንስ አንዱን ፎቶ ደግሞ ከሚሊ ሜትር ማስመሪያ ጋር አንሡት፤ ያለ መጠን የተነሣ ዛጎል ቡና ፍሬም ያክል ዳቦም ያክል አይታወቅም።

ስለ ሳጥኑም ልጨርስ። አዛውንቱ ካረፉ ከዓመታት በኋላ ልጃቸው ጠራኝ። ብዙዎቹ ዛጎሎች ነጭ ዱቄት አውጥተው ገጻቸው ተበልቷል። ሻጋታ መስሎን ነበር። በኋላ ሳነብ ሎፍተስ ባይን የተባለ እንግሊዛዊ በ1899 እ.ኤ.አ. ይህንኑ በሽታ ገልጾ ጥፋቱን በባክቴሪያ እንዳሳበበ አወቅሁ፤ እውነተኛው ጥፋተኛ ግን ከጣውላ የሚወጣ የአሲድ ትነት ነው። የሚወደዱ ዛጎሎችን ያጠፋቸው ያስቀመጣቸው ውብ ሳጥን ነበር። ስለዚህ ስብስብ ካላችሁ በመስታወት ወይም በብረት ዕቃ አኑሩት፤ ኮምጣጤና ሎሚም አታስነኩት። የእነዚያ ዛጎሎች መልክ ዛሬ ያለው እሑድ እሑድ ባነሣኋቸው ነጋቲቮች ላይ ብቻ ነው። ሳነሣቸው ይህን ባውቅ ኖሮ ጀርባቸውንም አነሣ ነበር።

ባሕር የለንም አትበሉኝ። መቀሌ ዙሪያ ባለው የአንታሎ የኖራ ድንጋይና በዓባይ ሸለቆ ውስጥ በዳይኖሰር ዘመን የነበረ ባሕር የተዋቸው ዛጎሎች በድንጋይ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ እዚያው ሳላችሁ አንሷቸውና እዚያው ተዉአቸው። አያታችሁ ቤት አንቀልባ ካለ ደግሞ ዛጎሉን ከነክሩ ቅረቡት፤ ቆዳው ላይ እንዲተኛ ጀርባው እንዴት እንደተቆረጠ ታያላችሁ። ናውቲለስ ካማራችሁ ንግዱ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ስር መሆኑን እወቁ። ባሕር ዳር ሄዳችሁ በሕይወት ያለ ሾጣጣ ዛጎል ብታገኙም እጃችሁን ሰብስቡ፤ ሰው የሚገድል መርዝ ያላቸው አሉ።

ያ ቅር ብሎት የሄደው ልጅ ኅዳር ላይ ተመለሰ። ከ40 በላይ ፎቶ ይዟል፤ አብዛኛው እንደ መጀመሪያ ፎቶዬ መስኮቱን ነው ያነሣው። አንዱ ላይ ግን ብርሃኑን ከጎን ዝቅ አድርጎ ቀዳዳዋን ብቻ ተጠግቶ ነበር። «ጋሼ፣ ማን ነው የበሳት?» አለኝ። አዛውንቱ ለመታሰቢያ ከሰጡኝ አንዷ ነበረችና ለክር የተበሳች ናት ብዬ ልመልስ አፌን ስከፍት ፎቶውን አየሁት። ቀዳዳው በጥንቃቄ የተሞረደ ክብ ነው፤ ከላይ ሰፋ ብሎ ወደ ውስጥ እንደ ማንቆርቆሪያ ይጠባል። ወስፌ እንዲህ አይበሳም። ሥጋ በል የባሕር ቀንድ አውጣ ሌላውን ሊበላ ቅርፊቱን ሲበሳ የሚተወው ምልክት ነው፤ ከ40 ዓመት በላይ መሳቢያዬ ውስጥ ስትኖር አንድ ቀን አጎንብሼ አላየኋትም። ማጉያ መነጽሬን ፈልጌ ዛጎሏን አገላብጬ ሳያት ልጁ «ልመልስልዎት ወይስ ትቆይልኝ?» አለ። ከውስጥ በኩልም አንሣትና አምጣልኝ አልኩት።